አምስት ኮከብ የሰጡት ሟች

ሐምሌ 8፣ 2017፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስብሰባ ነበር። ስብሰባ ላይ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌ ጨረስኩት። የቀረው ለራሴ ይሁን።

እናቴ ዙሁራ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ "ረይሐና የሰው ስሞታ ታነባለች" ትላለች። ከዚያ ትቀጥልና፣ እኔ ታች ሲቀላ ሱቄ ቁጭ ብዬ በነጻ የምሰማውን እሷ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ድረስ በሚኒባስ ወጥታ ታነባለች ትላለች። አልዋሸችም። "የኛ መዝገብ" የሚባል የስልክ አፕ አለን። ስለ ጋሞ ዞን ሁሉም ነገር ያለበት መዝገበ ዕውቀት ነው፤ ተራራው፣ ሐይቁ፣ ሙዙ፣ ሽመናው፣ የታወቀ ሰው ሁሉ ከነፎቶው። ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ማለትም ደስ ሲለው ይሠራል። እምቢ ሲል ሰዎች "ስህተት ይጠቁሙ" የሚለውን ነክተው ይጽፋሉ፣ የጻፉት እኔ ላይ ይወድቃል። ያሉኝ ሦስት ቁልፎች ናቸው፦ "ተፈትቷል"፣ "ተደጋጋሚ"፣ "ስህተት አይደለም"። አራተኛ ቢጨመርልኝ "እኔንም አስመርሮኛል" የሚል ነበር የምጠይቀው።

አለቃችን ሀብተጊዮርጊስ ሐሙስ ሐሙስ ቁጥር ይጠይቃል። (ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።) ክፍት የሆነ ጥቆማ ከሃያ መብለጥ የለበትም። በመስቀል ሳምንት ሁለተኛው እትም በሆቴል አዳራሽ ይመረቃል። መስከረም 30 ደግሞ የአራታችንም ኮንትራት ያልቃል፣ የሚታደስለት አንድ ሰው ነው።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። የዛሬዎቹ፦

"ጫሞን ስነካ አባያ ይከፈታል።" እውነት ነው፣ ሞከርኩት።

"ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታየኛል።" አሮጌ ስልክ። ተደጋጋሚ።

"አዞ የተባለው ፎቶ ጉማሬ ነው።" ሄጄ አየሁት። ጉማሬ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አዞ ሆኖ ኖሯል።

"የጎረቤት ቀበሌ ሦስት ገጽ ተጽፎላት የኛ ለምን አንድ መስመር?" ስህተት አይደለም አልኩ። ስህተትማ ነው፣ ቁልፉ የለኝም እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው። ፕሮግራሙን የሚሠራው ጌዲዮን፣ አምስት ኮከብ ያለው አስተያየት ሁሉ በራሱ ሄዶ "ምስጋና" የሚል ማህደር ውስጥ እንዲገባ አድርጎታል። ማንም አይከፍተውም፣ የሚፈለገው ብዛቱ ብቻ ነው። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ሊወቅስህ ቤትህ ቢመጣ መጀመሪያ ልጆችህን፣ ከብትህን፣ ደጅህን ይመርቃል። የመጣበትን ነገር የሚያወጣው ሊሄድ ሲነሳ ነው። የወገን ልጅ ለሠራው ሥራ አንድ ኮከብ መስጠት ነውር ነው። አምስት ይሰጥና ይመርቃል፣ ስሞታውን ከምርቃቱ ሥር ያስቀምጣል። ይህን ለጌዲዮን መንገር ነበረብኝ። እሱ ራሱ የጨንቻ ልጅ ነው፣ ከኔ በላይ ያውቃል። ሁለታችንም ዝም ያልነው ቁጥራችን ስላማረ ነው።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ዛሬ ቁጥሬ አሥራ ስምንት ነበር። ተመስገን ብዬ ዕረፍት ሳገኝ "ምስጋና" የሚለውን ማህደር ከፈትኩት። ሰው ሲያመሰግነኝ ላንብብ ብዬ ነው።

"ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣችሁ። አገራችንን ስልክ ውስጥ ስላስገባችሁ ተባረኩ። ዘራችሁ ይብዛ፣ ደጃችሁ አይዘጋ። አንዲት ትንሽ ነገር አለች። እኔ አልሞትኩም። ካሱ፣ ከዶርዜ።"

ሳቅሁ። ወላሂ ሳቅሁ። ጌዲዮንን ጠራሁት፣ እሱማ ወንበር እስኪይዝ ሳቀ። ወደ ኋላ ስሄድ ከሚያዝያ ጀምሮ አራት ጊዜ ልከዋል፣ አራቱም አምስት አምስት ኮከብ። ምርቃቱ በየጊዜው ይረዝማል፣ ስሞታው በየጊዜው ያጥራል።

ከዚያ ገጹን ከፈትኩት። "ካሱ፣ የዶርዜ ስመ ጥር ሸማኔ፣ ከ1941 እስከ 2016 ዓ.ም. የኖሩ" ይላል። ፎቶው ላይ ሽመናቸው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ይዘዋል። ከሥሩ በግራጫ ፊደል "ነፍስ ይማር"። ሳቄ ቆመ።

ከገጹ ግርጌ ማን እንዳስገባው የሚያሳይ ቦታ አለ። አልነካሁትም። ሥራ ነበረብኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ለአለቃዬ ነገርኩት። አንድ ሰው በሕይወት እያሉ ሞቱ ተብሎ ተጽፏል አልኩት። "ተጽፏል" ነው ያልኩት፣ ማን እንደጻፈው አልጠየቀም፣ እኔም አልጨመርኩም።

መዝገቡ ለምረቃው ሲባል ከሐምሌ 1 ጀምሮ ተቆልፏል፣ የሚከፈተው መስከረም 20 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ለመንካት የእርማት ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የቀበሌ ማስረጃ፣ የአለቃ ፊርማ፣ ከዚያ ደግሞ ስህተቱን ያስገባው ሠራተኛ ስምና ፊርማ። ሀብተጊዮርጊስ ቅጹን ሲሰጠኝ መነጽሩን አወለቀ።

"ሰውን በቁሙ የቀበረ ሠራተኛ ከመስከረም በኋላ እኛ ጋ አይቀጥልም።"

"ልክ ነዎት" አልኩ። በይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አሁን ስልክም ተጨምሮበታል።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

የጋሽ ካሱ ልጅ መጣች። ቲጂ ትባላለች፣ አርባ ዓመት ይሆናታል። ወደ ዶርዜ በሚወጣው መንገድ ዳር ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። የሁለተኛውን ፎቅ ደረጃ የሸማ ሸክሟን በጀርባዋ ይዛ ወጥታ "የስልኩ መዝገብ ቤት ይሄ ነው?" አለች። ከአራታችን እኔን መርጣ ፊቴ ተቀመጠች። ለምን እኔን እንደመረጠች እንጃ።

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ረጋ ብላ ነገረችኝ። አስጎብኚዎቹ ፈረንጅ ይዘው ሲመጡ በአባቷ ደጃፍ ላይ ቆመው "ይህ የሟቹ ሸማኔ ቤት ነበር" ይላሉ አሉ፤ አባቷ ሰላም ሊሉ ሲነሱ ደግሞ አልፈዋቸው ይገባሉ። ይሄ ይሁን አለች። የባሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከአባቱ ተጣልቶ ዘጠኝ ዓመት ሞያሌ ኖሯል። ለመጪው መስቀል መጥቼ እታረቃለሁ ብሎ ልኮ ነበር። በመሐሉ አንድ ሰው በስልኩ ገጹን አሳየው። ራሱን ተላጭቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ ለቅሶ ተቀመጠ። አባቱ አለመሞታቸውን የሰማው ሦስት ቀን ሙሉ ካለቀሰ በኋላ ነው።

"እኛ ጋ ጎሜ እንለዋለን" አለች ቲጂ። ነውር ተሠርቶ ሳይነገር ሲቀር ቤት ላይ የሚቀመጥ ነገር ማለት ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፈረዱ፦ በሕይወት ያለ አባቱን ያለቀሰ ልጅ፣ የሞቱን ወሬ ያወጣው ሰው መጥቶ "እኔ ነኝ" እስኪል ድረስ የአባቱን ደጅ አይረግጥም። ሰውየው ይመጣል፣ ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ይመርቁታል፣ ያበቃል። ቅጣት የለውም።

"ልንጣላ አይደለም" አለችኝ። "አባቴ የጻፈውን ሰው ሊመርቀው ነው የሚፈልገው። መስቀል ሳይደርስ።"

"እናጣራለን" አልኳት።

"አጣሩ" አለችና ሸክሟን አነሳች። በር ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሱቅ ገባሁ። እናቴ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ እየደረደረች ስለነበር አላየችኝም፣ ከኋላ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሚያዝያ 2016 ነው። መረጃ ልንሰበስብ ከዕድላዊት ጋር በድርጅቱ መኪና ዶርዜ ወጣን። ዕድላዊት ያኔ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፣ አሁን አዲስ አበባ ነው ያለችው። እሷ ታች ስለ ቤት አሠራሩ ስትጠይቅ እኔ ስመ ጥሩን ሸማኔ ላናግር ወደ ላይ ሄድኩ። ግቢው ስደርስ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል። "የካሱ ቤት ለቅሶ ነው" አሉኝ።

ለቅሶ ቤት ተገብቶ "ማን ነው የሞተው?" ይባላል እንዴ? የት አገር ነው እንደዚያ የሚባለው? ዝም ብለሽ ገብተሽ ትቀመጫለሽ፣ ታለቅሻለሽ። እኔም ተቀመጥኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ የማላውቀው ሰው ነው ብዬ አልቆጠብኩም። አጠገቤ የነበረችው ሴት "ይሄ ቤት እንግዲህ ባዶውን ቀረ" እያለች ታነባ ነበር። የሽመና ዕቃው ባዶውን ቆሟል፣ ክሩ እንደተወጠረ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ልጠይቅ? ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ተነሳሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪና ውስጥ ገጻቸውን ሞልቼ ላክሁት። የሞቱበትን ዓመት ጨመርኩ፣ "ነፍስ ይማር"ንም ጨመርኩ። ዕድላዊት ጎበዝ አለችኝ።

ኋላ እንደሰማሁት የሞቱት ሚስታቸው ነበሩ፣ እማማ ሻሺቱ። ለጋሽ ካሱ ሽመና የሚገባውን ክር ዕድሜ ልካቸውን የፈተሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው መዝገቡ ላይ አንድ ቃል የላቸውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ግን ያፈሰስኩትን የምለቅመው በሰው ፊት ነው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ቲጂ ከቀበሌ ደወለች። ጸሐፊው የሞት ማስረጃ እንጂ የሕይወት ማስረጃ ቅጽ የለንም ብሏታል። ስልኩን ስጪው አልኳት። "እህቴ፣ ያልሞተ ሰው እኮ ራሱ ማስረጃ ነው" አለኝ። በትክክል ተናግሯል። ራሳቸው ማስረጃ የሆኑትን ሰውዬ ግን ቅጹ ላይ ማያያዝ አይቻልም። ሁለት ምስክር ይዘው ራሳቸው ይምጡ ተባለ። ጉልበታቸው አይሄድም፣ በሰው ድጋፍ ይመጣሉ አለች።

ጸሐፊው ላይ ተናድጄ ጮኽኩበት። ደስ አለኝ። ጥፋተኛ አገኘሁ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ሃያ ሦስት ክፍት። ነገ ሐሙስ።

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ አንዱ "ያ የዶርዜ ሟች ቅዳሜ በሰው ተደግፎ ገበያ ወጥቶ ጥጥ ሲያማርጥ አየሁት" አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ "ሂሳብ ከፈለ ወይስ ከዚያኛው ዓለም ነው የሚላክለት?" አለ። እኔም ሳቅሁ። አለመሳቅ ያስነቃል ብዬ ነው።

ጋሽ ካሱ አምስተኛ ጊዜ ልከዋል። አምስት ኮከብ። ከምርቃቱ በታች አንድ መስመር፦ "የጻፈው ልጅ አይፍራ። እኔም ወጣት ሳለሁ ብዙ ሸማ አበላሽቻለሁ፣ ፈትቼ ሠራሁት።"

"ተደጋጋሚ" የሚለውን ተጫንኩ። ሃያ ሁለት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

የቀበሌው ደብዳቤ መጣ። "ግለሰቡ በሕይወት እንዳሉ በአካል ቀርበው አይተናል" ይላል፣ ክብ ማህተም አለው። ሀብተጊዮርጊስም ጥሩ ቀን ላይ ነበር፣ ቅጹን አፍንጫው ሥር ስይዝለት ሳያነብ ፈረመ። የቀረው አንድ መስመር ነው። የስሙ መስመር።

ዕድላዊት ሄዳለች። ከዚህ ቤት የምትፈልገው ነገር የለም፣ ስሟ እዚህ ወረቀት ላይ ቢጻፍ ቁርሷን አይቀንስባትም። አብረን ነበርን። መኪና ውስጥ አጠገቤ ነበረች። እስክሪብቶውን አንስቼ "ዕድ" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ቆምኩ። ያቆመኝ ደግነት አይደለም፣ ለዶርዜዎቹ ዕድላዊትን ከየት አምጥቼ ነው "እኔ ነኝ" የማስብላት?

ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አለቃዬ ነገ ለሥልጠና ሐዋሳ ይሄዳል፣ ሲመለስ አስገባዋለሁ። ሲመለስ ይሻላል።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

አለቃዬ ከተመለሰ ስድስት ቀኑ ነው። አላስገባሁም።

እናቴ ምሳ ላይ ጉርሻዬን እያየች፣ ምን ሆነሻል ልጄ፣ ከሲታ ሆንሽ፣ ዓይን ነው እንዴ አለች። ሥራ በዝቶ ነው አልኳት። ሥራማ ሰው አያከሳም፣ የሚያከሳው ሌላ ነው አለችና ሌላ ጉርሻ ጠቀለለችልኝ።

ጌዲዮን አወቀ። ሌላ ነገር ሲፈልግ የገጹን ታሪክ ከፈተው፣ ስሜ እንደ እህል ሜዳ ላይ ተሰጥቷል። ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ረይሐና፣ እኔ ምንም አላየሁም። መስከረም 20 መዝገቡ ሲከፈት በአንድ ደቂቃ አስተካክለዋለሁ። ቅጽ የለ፣ ስም የለ" አለኝ።

ደስ አለኝ። መስቀል 17 ነው። 20 ከ17 በኋላ እንደሚመጣ ሁለታችንም መቁጠር እናውቃለን። እሱ አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁም።

ጌዲዮን ግን ወንበሩ ጋ ከደረሰ በኋላ "ሽማግሌዎቹ እኮ አይቆጡም" አለ፤ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ።

መስከረም 11፣ 2018፣ እሑድ

ሄድኩ። ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፣ አላህ ምስክሬ ነው።

ከሲቀላ ስነሳ ይሞቅ ነበር፣ ላይ ስደርስ ጉም ነው። ቲጂ ከመንገድ ዳር አየችኝና ሸማውን ለጎረቤት ትታ ተነሳች። ለምን መጣሽ አላለችኝም። ይዛኝ ሄደች። ግቢው ያው ነው፣ ድንኳን ብቻ የለበትም። ጋሽ ካሱ በር ላይ ፀሐይ የምትመስል ነገር ፍለጋ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቀርከሃ ተቆልሏል፣ ለደመራው። ከቢሮ የመጣች ናት ስትላቸው ሊነሱ ሞከሩ፣ እንዳይነሱ ትከሻቸውን ያዝኩ። በሕይወት ያለ ሰው ትከሻ ነበር፣ ቀጭንና ሞቃት።

ቡልኮ አሳዩኝ። ልጃቸው ከተጣላቸው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂት እየሠሩ ያቆዩት ነው፣ ዘንድሮ ጨረሱት። ለመስቀል ያለብሱታል። ክሩ የሻሺቱ ነው፣ ከእሷ ፈትል የተረፈው ይኸው ነበር አሉኝ። በአማርኛ ጀምረው በጋሞኛ ይጨርሳሉ፣ ቲጂ ትሞላልኛለች።

ከዚያ እጄን ያዙና ዓይኔን አዩኝ።

"የጻፈው ሰው መጣ?"

አፌ ውስጥ ነበር። ወላሂ አፌ ውስጥ ነበር። ቲጂም ፈትሏን አቁማ እያየችኝ ነበር።

"አልመጣም አባባ" አልኳቸው።

"ይመጣል" አሉ። "ሰው ሥራውን ጥሎ የት ይሄዳል?" መርቀው ሸኙኝ። አሜን አልኩ፣ በየመሐሉ አሜን፣ አሜን።

ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፣ ቆሜ መጣሁ። ደግ አደረገኝ።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ምረቃው ሆነ። አዳራሹ ሞላ። ሀብተጊዮርጊስ ከረባት አስሯል። የተጠቃሚ እርካታ ዘጠና ስምንት በመቶ አለ። ያ ቁጥር የኔ ነው፣ "ምስጋና" ከሚለው ማህደር ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

"ሕዝባችን ምን እንደሚለን ስሙ" ብሎ ከማህደሩ አንዱን በትልቁ ግድግዳው ላይ አወጣው። "ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣችሁ። አገራችንን ስልክ ውስጥ ስላስገባችሁ ተባረኩ። ዘራችሁ ይብዛ፣ ደጃችሁ አይዘጋ።" እዚያ ላይ ቆርጦታል። የመረጠው ምርቃቱ ስለረዘመ ነው፣ የማን እንደሆነ እንኳ አላየም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እጄን አየሁት። እያጨበጨበ ነው።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

መስቀል። ሲቀላ ጭር ብሏል፣ ደገኛው ሁሉ አገሩ ወጥቷል። ሱቅ ተቀምጬ ዋልኩ። ስልኬ አልጠራም።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

ጋሽ ካሱ ሰኞ አረፉ። ጌዲዮን ነው የነገረኝ፣ ከጨንቻ ሰምቶ። መዝገቡ የተከፈተው ትናንት ነው።

ሀብተጊዮርጊስም ሰምቷል። ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ፣ ፊቱ ላይ ዕረፍት አለ።

"ነፍስ ይማር። እንግዲህ መረጃው ትክክል ሆነ አይደል? ዓመቱን ብቻ አስተካክሉና ዝጊው።"

ጌዲዮን ዓመቱን አስተካከለ። አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም። እኔ "ተፈትቷል" የሚለውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወጣ።

መስከረም 23፣ ዓርብ

ለቅሶ ሄድኩ። ያው ግቢ፣ ያው ድንኳን። ልጁ አለ፣ ራሱን ተላጭቷል፣ ለአንድ አባት ሁለተኛ ጊዜ። ያንን ቡልኮ ለብሷል።

ቲጂ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ወንድሟ ለመስቀል መጥቶ ነበር አለችኝ። ፍርዱ ፍርድ ስለሆነ ግቢ አልገባም፣ ከመንገዱ ማዶ አክስታቸው ቤት አደረ። አባቷ የመስቀል ዋዜማ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ልጁ ማዶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። በመሐላቸው መንገዱ ብቻ ነው። ይግቡ ቢሏቸው፣ ጉሙ ወርዷል ቢሏቸው እምቢ አሉ፣ ልጄን እያየሁ ነው አሉ። ብርዱ እዚያ መታቸው። ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ፣ ሰኞ ጠዋት አለፉ። ልጁ መንገዱን የተሻገረው ሬሳ ሊያነሳ ነው።

እንግዲህ ያኔ ወጣ። ሳላስበው፣ ሰው መሐል።

"ቲጂ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ከየት አወቅሽ?"

"እናቴ የሞተች ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠሽ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ። ደብተር ይዘሽ ነበር። ከልብሽ አልቅሰሽ ስለነበር መልክሽን አልረሳሁትም። ቢሯችሁ የመጣሁ ቀን በር ላይ ነው የለየሁሽ። ለአባቴም ነገርኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"መታወቁ አይደለም እኮ ጎሜውን የሚያነሳው። አንቺ ስትዪው ነው። አባቴ እስክትዪው ጠበቀሽ።" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "አሁን ለማን ነው የነገርሽው?"

ተነስታ ወደ ሴቶቹ ሄደች። እኔ ድንኳኑ እስኪለቅ ተቀመጥኩ። እንባ አልመጣልኝም።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ሀብተጊዮርጊስ ቢሮው ጠራኝና ደብዳቤ ሰጠኝ። ከአራቱ የታደሰልኝ እኔ ነኝ። በጊዜው ጥቆማ በመዝጋት ይላል ምክንያቱ።

ቅጹን አወጣሁለት። "ዕድ" የሚለውን ሰርዤ ከጎኑ ሙሉ ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ ነው የያዝኩት። አነበበው። እኔንም አየኝ፣ ቅጹንም አየው፣ በሩንም አየው።

"ይሄ ጉዳይ ተዘግቷል" አለ። "ለሌለ ስህተት ቅጽ አይሞላም። ወደ ሥራሽ።" ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ያባርረኛል ብዬ ከሁለት ወር በላይ የፈራሁት ሰው ሊያባርረኝ እንኳ አልፈለገም።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስልኬን አወጣሁ። እንደማንኛውም ሰው አፑን ከፈትኩ፣ የጋሽ ካሱን ገጽ፣ "ስህተት ይጠቁሙ"። ኮከብ ካልተሰጠ አይልክም። አንድ ሰጠሁ። ምርቃት አልጻፍኩም። "እኚህን ሰው በሕይወት እያሉ ሞቱ ብዬ የጻፍኩት እኔ ረይሐና ኸሊፋ ነኝ። ለቅሶው የሚስታቸው የእማማ ሻሺቱ ነበር። አልጠየቅሁም። ከታወቀም በኋላ መስቀል እስኪያልፍ ዝም አልኩ።" ላክሁት።

ወዲያው እፊቴ ኮምፒውተር ላይ ወደቀ። አንድ ኮከብ ስለሆነ "ምስጋና" ውስጥ አልገባም። ከሥሩ ሦስቱ ቁልፎች ተደርድረዋል። ጌዲዮን ከማዶ ሆኖ አንብቦታል መሰለኝ፣ ቀና አላለም።

አንዱንም አልነካሁም። ሐሙስ ቁጥር ሲጠይቀኝ፣ አንድ ክፍት አለ እለዋለሁ።